ጭላዳ ልናይ የሄድን ቀን

ጎንደር ውስጥ ልጅ ያሳደገ ሙስሊም የኢድን ማግስት ያውቀዋል። ልጆቹ አዲሱን ልብስ ለብሰው ቤት አይቀመጡም፤ ጭንቁ ወዴት እንውሰዳቸው ነው። የእኛ ቤት ዙር የታወቀ ነበር። መጀመሪያ ግንቡ ግቢ ገብተን ሣሩ ላይ ፎቶ እንነሣለን፤ ከዚያ ውሃ ወደሌለው መዋኛ ሄደን ልጆቹ አጥሩን በወረሩት የዛፍ ሥሮች እየተንጠላጠሉ አዲሱን ልብስ ይቀድዱታል፤ መጨረሻ ፒያሳ ጁስ ጠጥተን እንገባለን። እኔ በዚህ ዙር ደስተኛ ነበርኩ። ሱቃችን እዚያው ፒያሳ ስለሆነ ሲሰለቸኝ ከፍቼ ገብቼ እቀመጣለሁ።

ኢዱ መስከረም ላይ በዋለበት ዓመት ግን ወንዱ ልጄ ግንቡ ሰለቸኝ አለ። ትምህርት ቤት ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ ተምሮ መጥቶ ነበርና ጭላዳ ካላየሁ ብሎ ድርቅ አለ። አባቱ ልጅ ሲለምነው እምቢ ማለት አይችልም። የሚያውቀውን የሚኒባስ ሹፌር አነጋገረና ወደ ስሜን ተራሮች መሄድ ተቆረጠ።

አማቴም እሄዳለሁ አሉ። ደረታቸው በሽተኛ ነው። ብርድ ሲነካቸው የሚነሣባቸው ሳል አለ፤ ደረቅ፣ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ የሚያፏጭ። ያን ሳል አልወደውም ነበር፤ ሌሊት ያነቃኛል፣ እንግዳ ሲመጣ ያሳፍረኛል። ብርዱን አይችሉትም፣ ቤት ይቅሩ ብል ባሌ አኮረፈኝ። እሳቸውም ነጠላቸውን ደርበው ከሁላችንም ቀድመው መኪናው ውስጥ ተቀመጡ።

መንገዱ ያኔ አስፋልት አልነበረም። አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን ብርዱ በመስኮቱ ገባና ሳሉ ጀመረ። በሳሉ መሀል ስድስት ዓመት የሞላትን ሴት ልጄን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እንዲህ ሲሏት ሰማሁ።

«የምንሄድበት ዱር ነው የኔ ልጅ። ስምሽን ቢጠሩሽ አቤት እንዳትዪ። ጂን የእናትሽንም ድምፅ ያወጣል። ቢስሚላህ ብሎ የጠራሽን ብቻ አቤት በዪ። የአላህን ስም እሱ አይችለውም።»

«እማ፣ ሽርሽር ነው እኮ የምንሄደው» አልኩ። «ምነው ልጄን ባያስፈራሩብኝ።»

«አላስፈራራኋትም፤ ነገርኳት እንጂ» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ልጄ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ አያቷን አየች። ማንን እንዳመነች ገባኝና ተናደድኩ።

ደባርቅ ላይ ጠብመንጃ የያዘ፣ ጋቢ የደረበ አንድ ጠና ያለ የፓርክ ጥበቃ ተመደበልን። አብሮን ተሳፈረና ስንደርስ ሜዳው ጫፍ ወዳለው ገደል አየት አደረገ። «ጉሙ ሳይወጣ ብንመለስ ሸጋ ነው» አለ። ባሌ «እሺ አያ» አለው፤ ግን ገና መድረሳችን ነበር፣ ማን ይመለሳል።

ጭላዳዎቹ ሜዳውን ሞልተውታል። ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፣ ቀና ብለውም አያዩንም። ሜዳው ላይ ከሣሩ መነጨት ሌላ ድምፅ አይሰማም። ወንዱ ልጄ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሴቷ በሂና የቀላ እጇን እያሳየቻቸው ደረታቸው ላይ ካለው ቀይ ጋር ታስተያየው ነበር። አማቴ ከኋላችን ከመኪናው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይስላሉ። እንስሳቱ እንዳይሸሹብን ብዬ በየሳሉ እየዞርኩ በቁጣ አያቸው ነበር። እንዲህ ነበርኩ።

እኛ ከቤት ውጭ ሥጋ ስለማንበላ ምሳችንን በድስት ይዘን ነበር። ጨርቁን አንጥፌ ድስቱን ስከፍት ሣር የመንጨቱ ድምፅ ድንገት ቆመ። ቀና ስል ጭላዳዎቹ በሙሉ ተነሥተዋል። ማንም ሳያባርራቸው፣ አንዱም ሳይጮህ፣ ተያይዘው ወደ ገደሉ አፍ ሄዱና ወደ ታች እየወረዱ ጠፉ። ወንዱ ልጄ ትርኢት መስሎት አጨበጨበ። ሜዳው ባዶ ሲሆን ከወረዱበት ቦታ ጉሙ ወጣ፤ ድስቱን መልሼ ሳልከድን የባሌን ፊት ከለከለኝ።

ወንዱ ልጄ ክንዴን ያዘ። ሴቷ የለችም። አንዲት ግልገል ጭላዳ ስትከተል አይቻታለሁ ብሎ ማልቀስ ጀመረ።

ባሌ ሊሮጥ ሲል ጥበቃው ያዘው። «ቁም፤ አንድ እግር እንዳታነሣ። ሣሩ ሳይታወቅህ ነው የሚያልቅብህ፤ ከዚያ ወዲያ ገደል ነው።»

በስሟ ተጣራሁ። ገደሉ በኔው ድምፅ ስሟን መልሶ ጠራት። ባሌም ተጣራ፤ የሱም ተመለሰ። ከልጄ ግን ምንም የለም። እየደጋገምን ስንጣራ፣ ከፊታችን ጉሙ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ቆመው አብረውን የሚጠሯት ይመስል ነበር። ወድቃለች አልኩ በልቤ። ካልወደቀች እንዴት አትሰማም?

በዚህ መሀል ሳሉ ከኋላዬ ቀረበ። አማቴ መሬቱን በእጃቸው እየዳበሱ መጥተዋል።

«ዝም በሉ» አሉ። «እየሰማች ነው። እኔ ነኝ አትመልሺ ያልኳት።»

እንደዚያች ቅጽበት ሰው ጠልቼ አላውቅም። ልጄ በሕይወት አለች ማለታቸው እንኳ አልገባኝም። እሳቸው ግን እኔን ትተው ቀና አሉና ትንፋሻቸውን ሰብስበው «ቢስሚላህ!» ብለው ስሟን ጠሩ።

ጉሙ ውስጥ ያለው ድምፅም «ቢስሚላህ» አለ። ስሟንም አስከትሎ ጠራት።

አማቴ እጄን ጨበጡት። ይህን አላሰቡትም ነበር። ልጅቷ አሁን ተነሥታ ትመጣለች፤ ግን ወደየትኛው? እንደገና እንዳይጠሩ ፈሩ፣ ዝም እንዳይሉ ፈሩ። ያን ጊዜ ሳሉ ያዛቸው። ጎንበስ አድርጎ እስኪጥላቸው ሳሉ፣ ማቆም አቃታቸው። የልጄን ኮቴ እንዳልሰማ ሳሉ ከለከለኝና አፋቸውን በእጄ ልይዘው ምንም አልቀረኝም።

ሣሩ ኮሽ አለ። ጥበቃው ገደል ነው ካለን በኩል ሂና የተቀባ ትንሽ እጅ ከጉሙ ወጣና የአማቴን ነጠላ ጫፍ ያዘ። «አቤት እማማ» አለች ልጄ። ከአዲሱ ጫማዋ አንዱ እግሯ ላይ የለም። የት እንደቀረ አልጠየቅናትም።

ወደ ጎንደር ስንመለስ ዳባት አካባቢ ስንደርስ ነው አባቷ ቀስ ብሎ የጠየቃት። እንደዚያ ስንጮህ ፈርታ ነበር ወይ ብሎ።

«ሁለት እማማ ነበሩ» አለች። «ሁለቱም ቢስሚላህ አሉኝ። ታች ያለችው ግን አታስልም።»

አማቴ እንደ ልማዳቸው ሳሉ፣ እኔም ጋቢዬን አውልቄ አለበስኳቸው። እስከ ቤት ድረስ አለቀስኩ።

በሁለተኛው ክረምት አማቴ ሞቱ። ያ ሳል አብሯቸው ሄደ፤ ሌሊት የሚያነቃኝ የለም፣ እኔ ግን እነቃለሁ። ልጄ አሁን ኮረዳ ሆናለች፤ የጂን ወሬ ሲነሣ ትስቃለች። ነገር ግን ከሌላ ክፍል ስጠራት አትመልስልኝም። መጽሐፏን ዘግታ ጆሮዋን አቁማ ትጠብቃለች። ምን እንደምትጠብቅ ስለማውቅ ድምፄን አላነሣም። የያዝኩትን አስቀምጬ፣ እስክታየኝ ድረስ ሄጄ በሯ ላይ እቆማለሁ።