ተፈትተው አልሄድም ያሉት ሽማግሌ

ባለፈው እሑድ ሕግ የምትማረው የእህቴ ልጅ ምሳ ላይ ያዘችኝ። «አጎቴ፣ የመንግሥት ሥልጣን ወሰኑ የት ላይ ነው? ለፈተና ነው» አለች። ጡረታ የወጣ ዳኛ እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ አንቀጽ በአንቀጽ ልዘረዝርላት ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ከዚያ ሼህ ሐሚድ ትዝ አሉኝ።

ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። እኔ ከጎጃም ተመድቤ አሶሳ የሄድኩ፣ ከአጭር ሥልጠና የወጣሁ ጎረምሳ ዳኛ ነኝ። ችሎት የምንለው ጭቃ ቤት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ምስክር የሚለው ስለማይሰማ፣ እስኪያባራ ከሳሽም ተከሳሽም እኔም ማንጎ እየበላን እንጠብቃለን። ምሳ የምበላው ከአስተዳዳሪውና ከፖሊስ አዛዡ ጋር አንድ ገበታ ላይ ነው። ለወዳጅነት ጥሩ ነው፤ ለሥልጣን ክፍፍል ግን እንጃ።

አንድ ሰኞ እስር ቤቱን ልጎበኝ ስገባ፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ምን አድርገው እንደሆነ አዛዡን ጠየቅኩት።

«እሳቸውማ ምንም። ልጃቸው ሙሳ ገበያ ላይ ተጣልቶ ሰው በዱላ ፈንክቶ ጠፋ። እሱ እስኪመጣ አባቱ እዚህ ናቸው።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪመጣ ነዋ!»

ደሜ ፈላ። አዲሱን ሕገ መንግሥት በቃሌ ነበር የያዝኩት። ሰው በሌላ ሰው ጥፋት ይታሰራል እንዴ? ትእዛዝ ጻፍኩ፣ ማኅተም መታሁበት፣ ሽማግሌውን ችሎት አስጠርቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ምርቃት ጠብቄ ነበር። አዛዡ ፊቱን ቢያጨፈግግም ፈታቸው።

የተቆጡት ሽማግሌው፣ ሼህ ሐሚድ ናቸው።

«ዳኛ፣ ፖሊስ እኔን አልያዘም። እኔ ራሴ መጣሁ» አሉ። «የተመታው ሰው ቤት ሄድኩ። ልጄ እስኪመጣ እኔ መንግሥት ጋ እቀመጣለሁ አልኩ። እነሱ ዱላ አስቀመጡ። አሁን እኔ ቤቴ ብሄድ፣ ቃሌ የት ይሄዳል?»

ለካ የሰፈራቸው ወግ ነው። አባት በልጁ ፋንታ የሚቀመጠው የተጎዳው ወገን ለበቀል እንዳይነሣ ነው። እኔ ማንንም ሳልጠይቅ ነበር ማኅተሜን ያሳረፍኩት።

«እኔ ግን ላስርዎት አልችልም» አልኳቸው።

«እሺ፣ አትሰር» ብለው ወጡና ችሎቱ በር ላይ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ቁጭ አሉ።

ሦስት ቀን ሙሉ ዝናቡ ሲወርድባቸው ንቅንቅ አላሉም። ባለቤታቸው የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ያመጡላቸዋል፤ ሽማግሌው እኔንም ና ብላ ይሉኛል፤ እያፈርኩ እበላለሁ። አዛዡ ደግሞ «ነጻነት እንቢ ብለዋል ብለህ ክሰሳቸዋ!» እያለ ያሾፍብኛል። በሁለተኛው ቀን ማሳል ጀመሩ። ጭንቅ ያዘኝ። ቢሞቱብኝስ? ትእዛዜን ሽሬ ወደ ደረቁ ክፍል ልመልሳቸው ይለኛል ልቤ፤ ግን በየትኛው ሕግ?

በአራተኛው ቀን ጠዋት አንድ ጭቃ የለበሰ ወጣት እግራቸው ሥር ተደፍቶ አገኘሁ። ሙሳ ነው። ኩርሙክ ደርሶ ድንበሩን ሊሻገር ሲል ነው የተመለሰው። ምን እንደመለሰው ጠየቅኩት።

«አባትህን ፖሊስ ይዞታል ሲሉኝ መንግሥትን ረገምኩ፣ መንገዴን ሄድኩ» አለ። «በኋላ ተፈታ አሉኝ። ማንም አልያዘውም፣ ዝናብ ላይ ተቀምጧል አሉኝ። ወላሂ፣ እግሬ እንቢ አለ።»

ልጁን ፖሊስ ተረከበው። ሼህ ሐሚድ እያሳሉ ተነሡ፤ ጀለቢያቸውን አራገፉና «ዳኛ፣ ያን ወረቀት አሁን አንብብ» አሉኝ።

አነበብኩላቸው። በዚህኛው ጊዜ ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። ሰምተው ሲጨርሱ መረቁኝና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

«አጎቴ፣ ጠፋህ እንዴ?» ብላ የእህቴ ልጅ ሳቀችብኝ። አንቀጹን ነገርኳት፤ ፈተናዋን ትለፍበት። ትእዛዜ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ እጽፋለሁ። ከመጻፌ በፊት ግን እዚያ ጥግ ሄጄ ከጎናቸው ቁጭ እልና፣ «አባቴ፣ እንዴት እዚህ ገቡ?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ያን ሰኞ አዛዡን ጠየቅኩ፣ ሕጉን ጠየቅኩ፤ እሳቸውን ግን አልጠየቅኩም።