ሲስተር የሺአረግ ኮምፒውተር የለመደች ጊዜ

ሲስተር የሺአረግ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው ጋምቤላ ከሰፈሩ ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ናት። ነርስነት ተምራ ከተማው ውስጥ አንድ ሆስፒታል ተቀጠረች። የእጅ ጽሑፏ ያምር ስለነበር ሐኪሞቹ ካርድ የሚያስጽፉት እሷን ነበር።

ክልሉ ከተቋቋመ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሳንባ ነቀርሳ ክፍል አንድ ኮምፒውተር መጣ። የክፍሉ ኃላፊ እሷ ስለነበረች ሕሙማኑን ሁሉ እንድትመዘግብበት ታዘዘች። አልወደደችውም። አንድ ፊደል ፈልጋ እስክታገኝ ሕመምተኛው ቆሞ ይጠብቃታል፤ ጄኔሬተሩ ሲጠፋ የጻፈችው አብሮ ይጠፋል። ተስፋ ቆርጣ ኮምፒውተር ወደሌለበት ወደ መቲ ከተማ እንዲያዛውሯት ልትጠይቅ ተነሳች።

ኮምፒውተሩን የሚያስተምራት ማይ የሚባል የኑዌር ተወላጅ አልተከራከራትም። ወንበሩን ጠጋ አድርጎ፣ "ሲስተር፣ እርስዎ ስለ ሕመምተኛው ይንገሩኝ፤ እኔ ቁልፉን አሳይዎታለሁ" አላት። እንዲህ እያሉ አብረው ሠሩ፤ ጄኔሬተሩ ቢጠፋም እንዳይጠፋ የጻፈችውን ማስቀመጥም አሳያት። የኑዌር ስሞችን አጠራርም ከእሱ ተማረች። እጇ ተፍታታ፤ የዝውውሩም ነገር ቀረ።

ክረምት ገባና የካርድ ክፍሉ ጣሪያ አፈሰሰ። የብዙ ካርዶች ቀለም ፈሶ ጽሑፋቸው የማይነበብ ሆነ። በዚያው ሰሞን ኛሩአች የምትባል ዓሣ ሻጭ ለወሩ መድኃኒቷ መጣች። እጇ ላይ የነበረው ካርድም ባሮ ወንዝ ላይ ጀልባዋ ውሃ ሲገባበት ጠፍቶባታል። ሕክምናዋ የት እንደደረሰ የሚያሳይ ካርድ ስላልነበረ ሐኪሙ እንደገና ትጀምር አለ። እንደገና መጀመር ማለት ደግሞ በየቀኑ መርፌ መወጋት ነው።

ኛሩአች ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። "መርፌ ጨርሻለሁ። ሁለተኛ አልችልም" አለች።

የሺአረግ ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻት። ጄኔሬተሩ ጠፍቶ ስለነበር ኮምፒውተሩን ለመክፈት እስኪነሳ አብረው ጠበቁ። ኮምፒውተሩ ላይ ስሟን ስትጽፍ ኛሩአች የሚባሉ ብዙ ሴቶች ወጡ፤ የአባቷን ስም ጠየቀቻት፤ "ሙዎች" አለች፤ መዝገቧም ተገኘ። መርፌውን በእርግጥ ጨርሳለች፤ የቀራት ክኒን ብቻ ነው። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አነበበና ክኒኑን አዘዘላት።

ኛሩአች ወደ ኮምፒውተሩ ተጠግታ፣ "የትኛው ነው እኔ?" አለች። የሺአረግ በጣቷ አሳየቻት። ሴትዮዋ ጽሑፉን ቆማ አየችው፤ ከዚያ ክኒኗን ተቀብላ ሄደች። በየወሩ ሳትቀር እየመጣች ሕክምናውን ጨርሳ ዳነች።

በበጋው ለወሊድ ክፍልም ኮምፒውተር ተሰጠ። እንድታስተምር የተመረጠችው የሺአረግ ነበረች። በመጀመሪያው ቀን ነርሶቹ ፈርተው ከኋላ ወንበር ያዙ። እሷ ግን አንዷን ወደ ፊት ጠርታ የራሷን ስም እንድትጽፍ አደረገች።