አያ ያልዋጧት ክኒን

ታላቅ ወንድሜን አያ እላቸው ነበር። አባታችን በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እንኳን ላዝዛቸው፣ ቀና ብዬ አይቻቸውም አላውቅ። እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት መጥተን፣ እኔም ሽበት ወርሶኝ፣ ያው ነበርኩ።

ስኳር አለብዎት የተባሉ ጊዜ ሳቁ። አገር ቤት ሳለን እንዲህ ያለ በሽታ ሰምተን አናውቅም። «ደሜ ውስጥ ጣፋጭ ገባ ካሉ፣ የሚያስወጣው መራራ ነዋ!» አሉና ከጎንደር የመጣ ዘመድ የሰጣቸውን ግራዋ በባዶ የቀለም ባልዲ ተከሉት። ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ አድጎ ባልዲውን ሊሰነጥቅ ደረሰ። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ጨምቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠጡታል።

ባለቤታቸው ትስቅባቸዋለች። «እኛ ጋን የምናጥብበትን እርስዎ ይጠጡታል? ሆድዎ ጋን ሆነ እንዴ?»

«ጋኑስ በምን ጸዳ?» ይሏታል።

ሐኪም ያዘዘላቸውን ክኒን የጠሉት እንዲያው በግትርነት አልነበረም። እስከ ጡረታቸው ድረስ በኢንዱስትሪው ቀጠና አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ሠርተዋል። ከረጢት እየቀደዱ የማቅለሚያውን ዱቄት ማሽኑ ውስጥ የሚጨምሩት እሳቸው ነበሩ። ቤት ገብተው ሲያስሉ አክታቸው የዕለቱን ቀለም ይዞ ይወጣል። «የፋብሪካ ነገር ስንት ዓመት በአፍንጫዬ ገባ፤ በአፌ ደግሞ አላስገባም» ይሉ ነበር።

እንዲያም ሆኖ አልደበቁም። ብዙው ሰው ሐኪም ሲጠይቀው ሌላ ምንም አልወስድም ይላል። አያ ግን የግራዋውን ጭማቂ በጠርሙስ ሞልተው ወደ ሐኪሟ ይዘው ሄዱ። አብሬያቸው ነበርኩ። እንድታየው፣ ከክኒኑ ጋር ይስማማ እንደሆነ እንድትነግራቸው ነበር ፍላጎታቸው። ሐኪሟ ከፈተችው፣ አሸተተችው፣ ፊቷን አኮማትራ እጅ መታጠቢያው ውስጥ ደፋችው። ባዶውን ጠርሙስ መለሰችላቸው። በስልክ የሚያስተረጉመው ሰው፣ «ቅጠሉን ይተዉ፣ ክኒኑን ይዋጡ ነው የምትለው» አለ። በቃ፣ ይኸው ነው።

አያ ጠርሙሱን ኮታቸው ኪስ ከተው ወጡ። አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ «ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችኝም» አሉ። ከዚያ ወዲያ ወደ እሷ አልተመለሱም።

ለመንኳቸው። እኔንም ስኳር ይዞኝ ያችኑ ክኒን እውጥ ነበርና ከኪሴ አውጥቼ፣ «አያ፣ አንዷን ብቻ፣ ለእኔ ሲሉ» አልኳቸው።

«አንተ ዋጥ፤ ድሮም የሰጡህን ነው የምትውጠው» አሉኝ እየሳቁ።

መጀመሪያ የእግራቸው አውራ ጣት ጠቆረ። ቀጥሎ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ከዚያ ኩላሊታቸው ደከመ። አልጋ ላይ ሆነውም ግራዋውን ይጠጡ ነበር። ከፋሲካ በፊት ቀበርናቸው።

እስከዚህ ያለውን ችዬው ነበር። ራሳቸው የመረጡት ነው ብዬ ተጽናንቼ ነበር።

በቅርቡ ሽማግሌዎች ወደምንውልበት ቤት አንዲት የኛው ልጅ መጣች። አጠገባችን ካለው አዲሱ ሰፈር፣ ካርሜ ጋት ነው የምትኖረው፤ ከዕፅዋት የስኳር መድኃኒት ከሚፈልጉ ተመራማሪዎች ጋር ትሠራለች። ቁጭ ብላ ቀስ እያለች ነገረችን። ከግራዋም ከአብሽም ውስጥ ያለው ነገር እየተለየ ይወጣና በአይጥ ላይ ይሞከራል አለች። ለሰው መድኃኒት ነው ለማለት ግን ገና ነው፤ ክኒናችሁን እንዳትተዉ፤ ቅጠል የምትጠጡም ስኳራችሁ ከልክ በላይ እንዳይወርድ ለሐኪም ንገሩ አለች።

ነግረንስ ነበር! አልኩ በሆዴ።

«ደግሞ ይህች የምትውጧት ክኒን ራሷ መነሻዋ ተክል ነው» ብላ ቀጠለች። «ፈረንጅ አገር ሜዳ ላይ የሚበቅል፣ ሐምራዊ አበባ ያለው። የድሮ ሰዎች ሽንት ለሚበዛበት ሰው ይሰጡት ነበር። ተክሉ እንዳለ መርዝ አለበት፤ እሱን አጥንተው ነው የማይጎዳውን የሠሩት። ዛሬ ፋብሪካ ይሠራዋል።»

«ታዲያ ሣሩን አምጪልን፣ እኛው እንወቅጠዋለን!» አለች አንዲት ባልቴት። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

እኔ እጄን አነሣሁ። «ልጄ፣ ይህ ነገር የታወቀው አሁን ነው?»

«ኧረ ድሮ ነው፣ አባባ።»

«ሐኪሞቹስ ያውቁታል?»

«ሲማሩ ይነገራቸዋል። ምነው አባባ?»

«ምንም» አልኳት። ይህችም ክኒን ከቅጠል የመጣች ናት ብሎ ለአያ የሚነግር አንድ ሰው ጠፋ። አያ ለቅጠል እንቢ የሚሉ ሰው አልነበሩም።

በነጋታው ጠዋት ክኒኔን በውኃ ከማወራረዴ በፊት ምላሴ ላይ አቆየኋት። ስንት ዓመት ስውጣት ቀምሻት አላውቅም። መራራ ናት። ጉሮሮ ድረስ የምትዘልቅ፣ ውኃ የማያጥባት መራራ። አያ አንድ ጊዜ ቢቀምሷት ኖሮ፣ ማንም ሳያስተረጉምላቸው ያምኗት ነበር።

ባለቤታቸው ዛሬም ግራዋውን ውኃ ታጠጣለች። የሰማሁትን አልነገርኳትም።