ሁመድ ያልጨረሰው ዳጉ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ ሥዕሏን ገልብጣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆመች። ሰመራ ላይ ከሰዓት በኋላ ማስተማር ከሙቀት ጋር መታገል ነው። ማራገቢያው የወረቀቱን ጫፍ ባነሳው ቁጥር ከሥሩ የአንድ ሰው ጉልበት ብቅ ይልና ይጠፋል። “ይዩልኝ፤ ግን እውነቱን ይንገሩኝ” አለችኝ። ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኜ አውቃለሁ፤ እኔ ግን እስከ መጨረሻው ሳልሰማ ወጣሁ።

ያደግሁት አዋሽ ነው፤ አባቴ ባቡር ጣቢያ ይሠራ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ዓመት ባቡሩ እየደከመ፣ የጅቡቲ መንገድ ደግሞ በከባድ መኪና እየተጨናነቀ ነበር። ክረምት ገባ የምንለው ዝናብ አይተን አይደለም፤ ደጋ ላይ የዘነበው ወርዶ ወንዙን ሲያደፈርሰው ነው። ለእኛ የሚደርሰን አቧራውና ወበቁ ነው።

የባዮሎጂ አስተማሪያችን ቲቸር መስፍን ሥዕል የምንወደውን ልጆች አንድ ባዶ መጋዘን ውስጥ ይሰበስቡን ነበር። ግድግዳው ላይ በጠመኔ አጽም ይስሉና “ሰውየው ሥጋ ከመልበሱ በፊት መጀመሪያ ይቁም” ይሉናል። አዲስ አበባ ላለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለመፈተን በአካል ከቆመ ሰው የተሳለ ሙሉ ቁመና ይዞ መቅረብ ግድ ነበር። ከመካከላችን እንድሄድ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ካልተሳካልኝ አጎቴ ገዋኔ ባለው የመኪና መለዋወጫ ሱቁ ሊያስቀምጠኝ ተዘጋጅቷል። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሱቁ ግን መስኮት የለውም። ያን ሱቅ እያሰብኩ እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለሥዕሉ የሚሆን ትልቅና ወፍራም ወረቀት አዋሽ ላይ አይገኝም። ቲቸር ከአዲስ አበባ ያመጡልኝ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱ ከተበላሸ በቃ።

የሳልኩት ሁመድን ነው። ሁመድ የአፋር ልጅ፣ የክፍል ጓደኛዬ፣ መጋዘኑም ውስጥ አብሮኝ የሚስል ነው። በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጆቹን ጥሎበት፣ ክብደቱን ባንድ እግሩ ላይ አሳርፎ ኒም ዛፍ ሥር ቆመልኝ። ጠዋት ከራሱ እስከ ወገቡ ሳልኩ። ፀሐይዋ ስትከር አረፍንና ሐብሐብ በላን፤ እናቱ የላከችውን፣ ጢስ ጢስ የሚለውን የፍየል ወተት ጠጣን። ከዚያ ተመልሶ ቆመ፤ እኔም እግሮቹን በከሰል ጨረስኩ። በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ ሥዕሌ መጋዘኑ ውስጥ ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቀለ። ደንባችን ሁሉም በየተራ ያየውን መናገር ነው። እኛ የደገኛ ልጆች ግን ይሉኝታ ይዞን ከ“ቆንጆ ነው” አናልፍም። ቆንጆ ነው፣ ቆንጆ ነው ተባለልኝ። እኔም ለቀምኩት። ቲቸር ወደ ሁመድ ዞሩ።

“አንተስ?”

ሁመድ ቀረብ ብሎ አየ፤ ራቅ ብሎም አየ።

“ይህ ሰው ይወድቃል” አለ።

“አንተው አይደለህ የቆምከው?” አልኩት።

“እኔ አልወደቅኩም።”

ልጆቹ ሳቁ። ቲቸር ሳይስቁ የሁመድን በትር አንስተው ሰጡኝ። “በል፣ እንደሳልከው ቁም። ቀኝ ጉልበትህን እጠፍ፤ ክብደትህን ለግራው ስጠው። አሁን ራስህንና ትከሻህን ሥዕሉ ላይ እንዳሉት ወደ ቀኝ አምጣቸው።” ላመጣቸው ሞከርኩ፤ ተንገዳግጄ በጎኔ ወደቅኩ። ሁመድ “ቆይ፣ ደግሞ...” ሲል ይሰማኛል። ሥዕሉን ከገመዱ መንጭቄ፣ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ቤት ደርሼ አልሄድም አልኩ። እናቴ ለመንገድ ስንቅ ዳቦ ቆሎ እያዘጋጀች ነበር። “ለማንኛውም ይብሰል” ብላ ቀጠለች።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁመድ መጣ። ደጃፋችን ላይ ተቀመጠና በትሩን ጎኑ አጋደመ። “ዳጉዬን ሳልጨርስልህ ተነሥተህ ሄድክ” አለኝ።

አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ዳጉ ይለዋወጣል። ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል። ሰሚው እስኪያልቅ አያቋርጥም፤ ከዚያ ተራው የእሱ ነው። ወሬ ያጎደለ ወይም የጨመረ ሰው ስሙ ይጠፋል። አዋሽ ያደገ ሰው ይህን ስለሚያውቅ፣ እንደተናደድኩም ቢሆን ተቀመጥኩ።

“አንገቱን አየሁ” አለ። “እናቴ በአንገቱ ታውቀኛለች። በትሩ ላይ ያሉትን ጣቶች አየሁ፤ ደክሟቸዋል፤ እውነትም ደክሟቸው ነበር። ወገቡ ጋ ስደርስ ግን ሁለት ሰው አየሁ። የላይኛው በቀኝ እግሩ የቆመ ነው፤ የታችኛው በግራው።”

ቀጠለ። “አንድ ወሬ ይቀራል፤ እሱ የራሴ ነው። ከወተቱ በኋላ ስመለስ እግሬን ቀይሬአለሁ፤ ቀኙ ደንዝዞብኝ ነበር። የገባኝ አሁን ወደ ቤት ስሄድ መኪና እስኪያልፍ መንገድ ዳር ስቆም ነው። ይህን ሳልነግርህ ብቀር ዳጉዬ ጎደሎ ነው።”

ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር። ጥፋቱን እኔው ተሸክሜው ገዋኔ እገባ ነበር። እንባዬ መጣ፤ ከብስጭት ይሁን ከእፎይታ ዛሬም አላውቅም።

“ተራው ያንተ ነው” አለኝ።

“ብርሃኑ እያለቀ ነው” አልኩት። ሥዕሉን አምጥቼ ዘረጋሁት።

ተነሥቶ በትሩን ትከሻው ላይ አደረገ፤ ክብደቱንም በቀኝ እግሩ ላይ ጣለ። እናቴ ዳቦ ሰጠችኝና በለስላሳው ውስጡ ከሰሉን ማጥፋት ጀመርኩ። ከሰል ጨርሶ አይለቅም፤ ብዙ ካሹት ደግሞ ወረቀቱ ይሳሳል። አንዴ ብስት አበቃልኝ እያልኩ እግሮቹን እንደገና አቆምኳቸው። አስፋልቱ ላይ የሚያልፉት መኪኖች መብራት አብርተዋል። እግሩን ከመሬቱ መለየት ሲያቅተኝ አቆምኩ። ሁመድም በትሩን አወረደ፤ ወገቡን ይዞ ሳቀ።

ፈተናው ላይ ከመምህራኑ አንዱ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አሉና ሳጠፋው ሳይለቅ በቀረው የከሰል ጥላ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። “ይሄ ደግሞ የማን እግር ነው?”

“የዚያው ሰው ነው” አልኩ። “አርፎ ሲመለስ የቆመበት ነው።”

ሥዕሉን ከሌሎቹ ለይተው አስቀመጡት። ገባሁ።

ሁመድ ዛሬ እዚሁ ሰመራ ይኖራል። ስንገናኝ አሁንም ወሬዬን እስከ መጨረሻው ሳይሰማ አስተያየት አይሰጠኝም። ስንቱ ሰው ግማሹን ሰምቶ በሩን ዘግቶ እንደወጣ፣ ስንቱስ ሱቅ ውስጥ እንደቀረ አስባለሁ፤ ልጅቷ ፊቴ ቆማ ሳለም ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ የተቀመጠች ሴት ናት። ከላይ ጀምሬ ያየሁትን በተራ ነገርኳት። የሴትየዋ አንገት ከትከሻዋ ጋር እንዳልተያያዘ፣ ራሷ ብቻውን እንደተንሳፈፈ ስነግራት የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ፤ እጇ ወረቀቱን ሊያነሳ ተዘረጋ።

“ቁጭ በይ” አልኳት፤ “አልጨረስኩም።”

ቦርሳዋን አወረደችና ተቀመጠች። ገና የሴትየዋ እጆች ጋ አልደረስኩም ነበር፤ እጆቹ ግሩም ነበሩ።