አራት ጊዜ ወደ ቀኝ

ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የደመወዝ ክፍሉ ናቸው። ሌላው ሰው ሁሉ ጋሽ ቶርኖ ይለዋል። ፋብሪካው የእጅ ጋሪ ያመርታል፤ ጋሽ ቶርኖ ደግሞ ጢሙ ሳይበቅል ጀምሮ እዚያው ቶርኖ በሚሉት ማሽን ላይ ቆሞ ለጋሪ ጎማ ብረት ሲቀርጽ ኖሯል። ፀጉሩ ውስጥ ከሽበቱ ጋር የብረት ፍንጣሪ አለ። ሚስቱ ጠዋት ትራሱን ስታራግፍ፣ "የሰው ቤት አቧራ ይጠረጋል፤ የኔ ቤት ዝገት" ትላለች።

ስለ ጎማ ያለው እምነት አጭር ነው። ትንሽ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ትልቅ ጎማ ጉድጓድ ላይ ያልፋል። ይህንን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ያስረዳል። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ፊቱ አረፋ ተቀብቶ ሳለ እንኳ ያስረዳል፤ አስተካካዩ ምላጩን አንስቶ እስኪጨርስ ይጠብቀዋል።

እምነቱ ትክክል ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ሰፈሩ ባጃጅ የሚበዛበት፣ አስፋልት የሚያንስበት ሰፈር ነው። ባለአራት እግር መኪና መንገዱ መሃል ጉድጓድ ሲገጥመው እግሮቹን ግራና ቀኝ አድርጎ በላዩ ያልፋል። ባጃጅ እንዲህ አይሆንላትም። ጉድጓዱን ከኋላ ጎማዎቿ መሃል ላስገባ ስትል የፊቷ ዘው ይላል፤ የፊቷን ላድን ስትል ከኋላዎቹ አንዱ ይገባል። ጋሽ ቶርኖ ይህን ነገር የግል በደል አድርጎ ያየዋል። በየእሑዱ ሾፌሮቹ የተበላ ኩሽኔታ፣ የተጣመመ ቸርኬ ይዘውለት ይመጣሉ፤ አቅንቶ ይመልስላቸዋል። ምስጋና ሲጀምሩ "ሂድ፣ ሥራህን ሥራ" ብሎ ያባርራቸዋል። ስለዚህ ሰፈሩ ውስጥ የጋሽ ቶርኖ ውለታ የሌለበት ሾፌር የለም። የኋላ ኋላ ጣጣውን ያመጣው ይኸው ነው።

መፍትሔውን መጀመሪያ የነደፈው በጠመኔ፣ በማድ ቤቱ ወለል ላይ ነው። የፊት ጎማዋ አሁን ካላት ሰፋና ከፍ ትበል። ቸርኬው በላሜራ ይሠራ፤ የሞተር ብስክሌት ጎማ ይጠለቅበት። አፍንጫዋ ወደ ሰማይ እንዳያይ ደግሞ የፊቱ ሞላ ይጠር። ሚስቱ አንድ ሳምንት ሙሉ ሥዕሉን እየተራመደች ምግብ ሠራች። በሳምንቱ በውኃ አጠበችው። ጋሽ ቶርኖ ግን በጭንቅላቱ ይዞታል።

የመጀመሪያው ጎማ የተገጠመው የአማቹ፣ የልጁ ባል፣ ባጃጅ ላይ ነው። አማቹን ጓደኞቹ "ፍሬኑ" ይሉታል፤ ተሳፋሪው ካሰበበት ሳይደርስ እስኪመሽ ድረስ ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ነው። ሙከራው በሰው ፊት ተደረገ። ፍሬኑ ከአማቱ በር ተነሥቶ ቁልቁል ሄደ፤ ትልቁ ጉድጓድ ጋ ሲደርስ የቆመው ሕዝብ ትንፋሹን ዋጠ። ባጃጇ ምንም እንዳልነበረ አለፈች። ማዕዘኑ ጋ ወደ ቀኝ ታጠፈች፤ ከዚያም ቀኝ፣ ከዚያም ቀኝ፤ ብሎኩን ዞራ በአራተኛው ቀኝ በላይኛው በኩል ብቅ አለች። አራት ጊዜ ወደ ቀኝ የታጠፈ ሰው ቤቱ ይገባል። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ወደ ግራ መታጠፍ ትዝ ያለው አልነበረም።

ፍሬኑ ነገሩን ያወቀው በማግሥቱ ነው። ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ግራ መሪውን ሲጠመዝዝ፣ ጠቅ አለ፤ መሪው ቆመ። የሰፋው ጎማ የኋላ ጥርዝ ከፍሬን ፔዳሉ ሥር ካለው ብረት ጋር ተላትሞ እምቢ አለ። ባጃጇ ቀጥ ብላ ሄዳ የአትክልት ሻጭ መደብ ፊት ቆመች። ተሳፋሪዋ ወርዳ፣ "አንተ ልጅ፣ ግራህን አታውቀውም?" አለችው።

ለአማት ይህ ይነገራል? ፍሬኑ አልተናገረም። ማዕዘኑን እንደታጠፈ ጎማ የምትፈታና የምትጠግን ጎሚስታ ሴትዮ ጋ ቆሞ የድሮውን ጎማ አስገጠመ። ማታ ሲመለስ ትልቁን መልሶ አስገጥሞ በአማቱ በር ፊት ቀስ ብሎ አለፈ።

"እንዴት ነች?" አለው ጋሽ ቶርኖ ከደጁ።

"ጉድጓድ የሚባል ነገር ረሳሁ፣ ጋሼ።"

ውሸት አይደለም። ጉድጓዱን የረሳው ግን በሌላ ጭንቀት ነው።

ጋሽ ቶርኖ በዚህ ተበረታትቶ ለቀሪዎቹ ሾፌሮችም መሥራት ጀመረ። ጎማውን ለእያንዳንዳቸው በእጁ አስጨበጣቸው። ቸርኬያቸውን ለዓመታት ሲያቀናላቸው የኖረ ሰው ያመጣላቸውን ጎማ ማን አልፈልግም ይላል? አንዱ አፈረ፤ ሁለተኛው አንደኛውን አይቶ አፈረ። ብዙም ሳይቆይ የሰፈሩ ሾፌር ሁሉ ጠዋት ጠዋት በትልቅ ጎማ እየተንጎራደደ ቁልቁል ይወርድና ማዕዘኑን እንደዞረ ጎሚስታዋ ደጅ ይሰለፋል። ሴትዮዋ እጀታዋን ሰብስባ፣ ክሪኩን ከሥር እየሸጎጠች፣ "ኑ እንግዲህ፣ አፋሮች፤ ተራ ያዙ" ትላለች። ከእርሷ ሌላ በዚያ ጎማ ያተረፈ ሰው የለም።

ጋሽ ቶርኖ ደጁ ላይ ቆሞ ጎማው ሲያልፍ ያያል። ያየውን አመነ። ሾፌሮቹን ሲጠይቃቸው አመስግነው አያበቁም፤ እንዲያውም በምስጋና ተፎካከሩ። አንዱ ወገቡ እንደዳነለት ነገረው። ሌላው ጎማው ነዳጅ ይቆጥባል አለ፤ እውነት ነው፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ የዋለ ጎማ ነዳጅ አይፈጅም።

ከዚህ በኋላ ጋሽ ቶርኖ ፋብሪካውን ሊለቅ ወሰነ። ቀሪ ዕድሜውን ለባጃጅ ጎማ ሊሰጥ። ለሥራ አስኪያጁ በቃል ነገረው። ሥራ አስኪያጁም፣ "እንግዲህ አርብ ሽኝት እናደርግልሃለን፤ እዚያው ትፈርማለህ" አለው።

የሚኖሩበት ቤት የፋብሪካው ነው። ሥራ የለቀቀ ቤት ይለቃል። ሚስቱ የጎማውን ወሬ ከጎሚስታዋ ከሰማች ቆይታለች፤ እስከዚህ ቀን ግን ሳቀችበት እንጂ አልተጨነቀችም። አሁን አማቿን ጠርታ አስቀመጠችው።

"ንገረው።"

"ምን ብዬ፣ እማማ?"

"ጎማህ አይታጠፍም ብለህ።"

"ልጃቸውን የሰጡኝን ሰውዬ እንዴት ብዬ ነው ጎማዎ አይረባም የምላቸው? እርስዎ ይንገሯቸው እንጂ።"

"እኔ? እኔ እስከዛሬ ያልነቀፍኩበት ምን ነገር አለና ይህን ያምነኛል?"

ፍሬኑ ሊወጣ ተነሣ።

"እሺ" አለች፤ "አርብ ከፈረመ ቅዳሜ ከነፍራሼ እናንተ ጋ ነኝ።"

የፍሬኑ ቤት አንድ ክፍል ናት። እነግራቸዋለሁ ብሎ ሄደ። እስከ አርብ ግን የሚመች ሰዓት አላገኘም።

አርብ ጠዋት ጋሽ ቶርኖ ኮቱን ለብሶ ወጣ። በእግሩ እንደሁልጊዜው በአቋራጩ ሊሄድ ይችል ነበር። "ዛሬ በራሴ ጎማ ነው የምሄደው" ብሎ አማቹ ኋላ ተቀመጠ። የፋብሪካው በር ከሰፈሩ በስተግራ ነው።

ፍሬኑ ሞተሩን አስነሣ። ቁልቁል ወረደ፤ ጉድጓዱን አለፈ፤ ጋሽ ቶርኖ ከኋላ "አየህ?" አለ። ማዕዘኑ ላይ ቀኝ፤ ከዚያ ቀኝ፤ ከዚያ ቀኝ፤ ከዚያ ቀኝ። ባጃጇ ከተነሣችበት በር ፊት ቆመች።

"ምነው?" አለ ጋሽ ቶርኖ።

"የረሱት ነገር እንዳይኖር ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

ጋሽ ቶርኖ ኪሱን ዳበሰ። እውነትም መነጽሩን ረስቷል። ገብቶ ይዞ ወጣ፤ አማቹን አመሰገነ። እንደገና ተነሡ። ጉድጓዱ፣ ማዕዘኑ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ።

"አሁን ደግሞ?"

"በሩ መቆለፉን ላረጋግጥ ብዬ..."

በሩ ላይ ሚስቱ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። አማቿን አየችው። ፍሬኑ አንገቱን ደፍቶ ሦስተኛ ዙር ጀመረ።

በዚህኛው ዙር ጎሚስታዋ ከመደቧ ተነሣች። "አንተ ፍሬኑ፣ ዛሬ ሰፈሩን ልታጥረው ነው እንዴ? አስገባትና ልቀይርልህ።"

"ምኑን?" አለ ጋሽ ቶርኖ፣ አንገቱን ከኋላ አውጥቶ።

ሴትዮዋ ያኔ አየችው። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ነገር ይፈጥር ነበር። እሷ ግን፣ "ጎማህን ነዋ" አለች።

ወረደ። ከሱቋ ግድግዳ ላይ ትልልቆቹ ጎማዎች በሚስማር ተሰቅለዋል፤ እሱ የሠራቸው ሁሉ። ጠጋ ብሎ አንዱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ፀጉር የመሰለ ቀጫጭን ላስቲክ ይኖረዋል፤ መንገድ ላይ ትንሽ ሲሄድ ይረግፋል። የእነዚህ ፀጉር እንዳለ ነው።

"ይሄ መንገድ ሄዶ ያውቃል?"

"እንዴታ። ካንተ በር እስከኔ በር።"

ወደ አማቹ ዞረ። "ምንድነው ችግሩ?"

ፍሬኑ ጫማውን እያየ፣ "ችግር እንኳ አይባልም፣ ጋሼ..." ብሎ ቆመ።

"ወደ ግራ አይታጠፍም" አለች ጎሚስታዋ። "ጠምዝዝለትና ይየው።"

ፍሬኑ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ። ጠቅ። ጋሽ ቶርኖ በሽኝት ሱሪው መሬት ላይ ተንበርክኮ ጣቱን በጎማውና በብረቱ መሃል ሊያስገባ ሞከረ። ጣት አይገባም። ሲነሣ ጉልበቱ ላይ ግራሶ ነበር።

"ሁሉም ያውቃሉ?"

"ከነተሳፋሪዎቻቸው።"

"ታዲያ አንድ ሰው አይነግረኝም?"

"ይወዱሃላ" አለች። "አሳዘንካቸው።"

"አንቺስ?"

"እኔ ጎማ ነው የምፈታው። መጥተህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

ጠይቋት አያውቅም። "በይ ቀይሪው" አላት። ቀየረችው፤ ባጃጇ ወደ ግራ ታጠፈች፤ ጉድጓዱን ሁሉ አንድ በአንድ እየገባች ፋብሪካው ደረሰች። ጋሽ ቶርኖ በየጉድጓዱ ራሱ ጣሪያ እየነካ ተጓዘ።

አዳራሹ ውስጥ ሻይና ብስኩት ቀርቧል። ሠራተኛው አዋጥቶ ባለመደገፊያ ወንበር ገዝቶለታል፤ እላዩ ላይ አስቀመጡት። ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ ስለ ጋሽ ቶርኖ ጎማ ተናገረ፤ "ዛሬ የከተማው ባጃጆች ሁሉ በእሱ ጎማ ነው የሚሄዱት" አለ። ጭብጨባ። ወረቀቱና እስክሪብቶው ፊቱ ቀረበ።

ጋሽ ቶርኖ ሾፌሮቹን የተረዳቸው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ፊቱ በርቷል። ሻይ ተፈልቷል፤ ንግግር ተጠንቷል፤ እሱን የሚተካው ወጣት ቶርኒስት አዲስ ቱታ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል። አሁን አልለቅም ማለት የእነዚህን ሁሉ ደግ ሰዎች ፊት ማጥቆር ነው። መፈረም ይቀላል። እስክሪብቶውን አነሣ። ክዳኑን አወለቀ።

"ጎማው ወደ ግራ አይታጠፍም" አለ።

ሥራ አስኪያጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሌላውም ተከተለው።

"አልሄድም ማለቴ ነው። አልፈርምም።"

ሳቁ ጋብ አለ። ከኋላ አንዱ በሹክሹክታ፣ "ብስኩቱ እኮ ተበልቷል" አለ።

"ቶርኖህን ለልጁ ሰጥተናል" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ጥግ ያለው አሮጌው አለ አይደል?"

"እሱ ይንቀጠቀጣል።"

"እኔስ ምን እያደረግሁ ነው?" አለ ጋሽ ቶርኖ። ክዳኑን መልሶ ለመክተት ሁለት ጊዜ ሳተው።

በዚህ ሁኔታ ሥራውም ቤቱም ቀረለት። ወንበሩን መልስ ማለት ለሁሉም ከበዳቸው፤ እሱም መልሼዋለሁ ማለት ከበደው፤ ስለዚህ በባጃጇ ጣሪያ ላይ ታስሮ ቤት ገባ። ሚስቱ ዞራ ዞራ አየችውና፣ "አንድ እግሩ ያጥራል" አለች። ያን ቀን ቤቷን ስትጠርግ ስታንጎራጉር ጎረቤት ሰምቷታል።

የተቀየሙት ሾፌሮቹ ናቸው። ጋሽ ቶርኖ በሰው ፊት ጎማው አይሠራም ሲል እነሱን ውሸታም ማድረጉ አልነበረም ወይ? ይህን ያህል ጊዜ ስሜቱን ጠብቀውለት፣ እሱ የእነሱን አልጠበቀም። ለጥቂት ሳምንት ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። ከዚያ የአንዱ ኩሽኔታ ተበላ፤ ቂሙም እዚያ ላይ አበቃ። ፍሬኑ ብቻ ከማንም በላይ ተለወጠ። አሁን ለአማቱ ሁሉን ይነግራል፤ ኮታቸው ጠባብ እንደሆነ፣ ሲያንኮራፉ ግድግዳ እንደሚያልፍ። የገዛ ሚስቱ "በቃህ" ትለዋለች።

ጋሽ ቶርኖ አሮጌው ማሽን ላይ ሌላ ጎማ ሠራ። ከበፊቱ ጠበብ ያለ፣ ከባጃጇ ከራሷ ጎማ ግን ከፍ ያለ። ለሾፌሮች አላሳየም። በቀጥታ ተሸክሞ ጎሚስታዋ ጋ ወሰደው። ራሷ ገጠመችው፤ ራሷ ወጣችበት። ወደ ቀኝ ታጠፈች፤ ወደ ግራ ታጠፈች፤ ጉድጓዱ ላይ ወጣች፤ ተመልሳ መጥታ ሱቋን በትንሹ አልፋ ቆመች።

"ወደ ግራ ይታጠፋል" አለች እየወረደች።

ጋሽ ቶርኖ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ።

"ቁም ሲሉት ግን አይሰማም። የፊት ፍሬን ሸራው አይደርስበትም።"

ጋሽ ቶርኖ መነጽሩን አድርጎ ጎማው ሥር አጎነበሰ።

"ሌላስ?" አላት።

"ተቀመጥ" አለች፤ "ረጅም ነው።"