የሙሳ ፍየሎች የጠጡት ውሃ

ነጅዋ የፍየሏን አንገት በግራ አውራ ጣቷ ጫን አለችው። ደም ሥሩ እንደ ገመድ ተነሳ። በቀኝ እጇ መርፌውን አስገባችና ትንሿን ብልቃጥ በደም ሞላች። መርፌውን አውጥታ ቦታውን በጥጥ ይዛ እስከ አሥር ቆጠረች፤ ከዚያ ፍየሏን ለቀቀች፣ ጓንቷን ቀየረች፣ ቀጣይዋን ጠራች። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነበረች። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጆቿን አያለሁ። እናቷ ሞታ ወደ እኔ ስትመጣ እነዚያ እጆች የውሃ ጣሳ እንኳ አስተካክለው መያዝ አይችሉም ነበር።

ቦታው ሰንበቴ ገበያ ነው፤ ከከብት ተራው ዳር ገመድ ተወጥሮልናል። እኔን ይዛኝ የሄደችው በምክንያት ነው። ሰው መርፌ የያዘ ባለ ጋወን ሲያይ ፍየሉን እየነዳ ዞር ይላል። የእኔ ሥራ የማውቀውን ሁሉ እየጠራሁ «የልጄ ልጅ ናት፣ አትጎዳባችሁም» ማለት ነበር።

ሙሳ አሥራ አንድ ፍየሎች እየነዳ መጣ። ከድሮ ጀምሮ የማውቀው እረኛ ነው።

«አካም ቡልተን፣ እማማ ዓዲላ?» አለኝ፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ፍየሎችህን ለነጅዋ አቅርብላት።»

ጎንበስ ብሎ አያት። «ትንኙ አልበቃን ብሎ አንቺም ደም ልትመጥጪ መጣሽ?»

«ትንኟ ሳታስፈቅድ ነው የምትመጥጠው። እኔ አስፈቅጃለሁ» አለችው፣ ከፍየሏ አንገት ቀና ሳትል።

«ትንኟ ግን ወረቀት አታስሞላኝም።»

በገመዱ ዙሪያ የቆመው ሰው ሳቀ። ወረቀቱን የያዘው ሙጂብ ነው፤ ከነጅዋ ጋር ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል። እሱም እየሳቀ ጠየቀ፤ «የባለቤት ስም? ቀበሌ?»

«ይቺ የዑሙልኸይር ናት፣ ከሚሴ» አለ ሙሳ። «እነዚህ ሦስቱ የመምህር ኸይሩ፣ ከላይ ከደጋው። ያቺ ቀንዷ የተሰበረው የሙሐመድዘይን ናት፣ ባቲ።»

ሙጂብ ጻፈ። እኔም ሰማሁ። ምንም አልመሰለኝም።

ነጅዋ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አንዲት ፍየላችን ጊዜዋ ሳይደርስ ግልገሏን ጣለች። ልጅቷ ከሞተው ግልገል አጠገብ ቁጢጥ ብላ «ለምን ሞተ?» አለችኝ።

«የአላህ ሥራ ነው።»

ትንሽ አሰበችና «አላህ በምን ሠራው?» አለች።

ከሚሴ ተማረች፣ አዲስ አበባ ሄደች፣ ከዚያም ባሕር ማዶ ሁለት ዓመት ቆይታ ተመለሰች። አሁን ከፍተኛ ተመራማሪ ይሏታል፤ ለእኔ ግን ሥራዋ ያው የሰባት ዓመቷ ጥያቄ ነው። ቫይረስ ማለት በዓይን የማይታይ፣ በሌላው ሥጋ ውስጥ ካልገባ መራባት የማይችል ነገር ነው ብላኛለች። እሷና ባልደረቦቿ ሰው ታሞ እስኪመጣላቸው አይጠብቁም። በከብቱ ደም፣ በግመሉ አፍንጫ፣ በትንኟ ሆድ ውስጥ አስቀድመው ይፈልጉታል። ቅኝት ይሉታል። «ፍየሏ ድና እንኳ ቢሆን ደሟ ውስጥ ዱካው ይቀራል» አለችኝ አንድ ቀን። «ጅብ ካለፈ በኋላ እግሩ ጭቃው ላይ እንደሚቀረው።» ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ፍየል ባየሁ ቁጥር ደሟ ውስጥ ማን አልፎ ይሆን እላለሁ።

ባለፈው በልግ ዝናቡ በዛ። የጨፋ ረግረግ ከዳር እስከ ዳር ሞላ፣ ትንኙም እንደ ጭስ ተነሳ። ፍየሎች ጣሉ የሚል ወሬ ከየቦታው መጣ። ነጅዋ የጠረጠረችው በትንኝ ከከብት ወደ ከብት የሚሄድ፣ የታመመውን ከብት ደም ወይም የጣለችውን ግልገል በባዶ እጁ የነካ ሰውንም የሚይዝ ቫይረስ ነው። ስሙን አልጽፈውም፤ ስም ሰውን ከበሽታው በላይ ያስደነግጣል።

በሰንበቴ ከተቀዳው ሰማንያ ሁለት ብልቃጥ በዘጠኙ ዱካው ተገኘ።

ውጤቱ በወጣ በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ከአስር ሶላት በኋላ ቤቴ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ካርታ ላይ ቀያይ ነጥቦች አሉ፤ አንዱ ከሚሴ፣ ሌላው ከላይ ደጋው ላይ፣ ሌላው ባቲ።

«እምዬ፣ ይህ ነገር አልገባኝም» አለች። «ደጋው ላይ ያን ያህል ትንኝ የለም። እዚህ የነከሰች ትንኝ እዚያ ዳገት ላይ ምን አወጣት? ምርመራውን ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው።»

«ታዲያ ምን ቸገረሽ? ያየሽውን ለኃላፊዎቹ ንገሪያቸው።»

«ሰኞ ነገርኳቸው። በሽታው በሁሉም አቅጣጫ ተበትኗል ብዬ ጻፍኩ። ቅዳሜ ስብሰባ አለ። እንዲህ ከሆነ የዞኑ የከብት ገበያ በሙሉ ይዘጋል።»

ዓረፋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ዓመቱን ሙሉ ለዚያ ቀን ሲያደልብ የከረመውን ገበሬ ሁሉ አሰብኩ። እሷ ግን ሌላም ነገር አስጨንቋት ነበር።

«መዘጋቱ ብቻ አይደለም። ሌባው በጓሮ እየገባ እኔ የፊቱን በር እየዘጋሁ እንዳይሆን ነው የፈራሁት። ትክክለኛው ቦታ ሌላ ከሆነ፣ እዚያ ያለው ሰው ማንም ሳያስጠነቅቀው እየነካው ነው።»

ካርታዋ ላይ ስም የለም፣ ቁጥርና ቀበሌ ብቻ። የሰው ስም አይንገላታ ብለው ነው። ቁጥሩ ተምታቶ እንደሆነ ለማየት ሙጂብ ገበያው ላይ በእጁ የሞላቸውን ወረቀቶች ይዛ መጥታለች። ዘጠኙን ለይታ ምንጣፉ ላይ ዘረጋቻቸው።

ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ዛሬም ጣቴን ከቃሉ ሥር ካላስኬድኩ አላነብም። ከእነሱ አንዱን አነሳሁና ጣቴን አስኬድኩ። ዑ፣ ሙ፣ ል። ዑሙልኸይር። ከሚሴ።

«ይቺ አጥር የምንጋራት ዑሙልኸይር ናት?»

«እምዬ፣ ለሰው እንዳትነግሪ። አዎ፣ እሷ መሆን አለባት።»

«የምን ፍየል አላት እሷ? ባሏ ከሞተ ጀምሮ ግቢዋ ውስጥ ከዶሮ በቀር ነገር የለም። ፍየሏ ሙሳ ጋ ለርቢ ነች።»

ነጅዋ ቀና አለች።

ሌላውን ወረቀት አነሳሁ። «መምህር ኸይሩም እንደዚያው። ደጋው ላይ ግጦሽ ስለሌለው ለሙሳ ከሰጠ አራት ዓመቱ ነው። የባቲው ሙሐመድዘይንማ ሱቁን ጥሎ ፍየል ሊጠብቅ ነው?»

ርቢ የእኛ አገር ነገር ነው። እንስሳ ያለው፣ ግን ግጦሽ ወይም ጉልበት የሌለው ሰው፣ ግጦሽ ላለው ይሰጠዋል፤ የሚወለደውን ይካፈላሉ። የተቀበለው ሰው መቼም «የኔ ናት» አይልም። አማና ነው፤ አደራ። መንገድ ላይ ቢጠየቅ፣ ገበያ ላይ ቢጠየቅ፣ የባለቤቷን ስምና አገር ይናገራል። ሙሳም ያደረገው ይህንኑ ነው። ፍየሎቹን በባለቤቶቻቸው ስምና አገር አስጻፈ፤ ፍየሎቹ ግን አንድም ቀን ደጋም ባቲም ረግጠው አያውቁም።

ነጅዋ ዘጠኙን ወረቀቶች አንድ በአንድ እያነሳች ታሳየኝ ጀመር። ሰባቱ ሙሳ ጋ ያሉ ናቸው። የሁለቱን አላወቅኩም።

«ሙሳ የት ነው የሚኖረው?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

«ጨፋ፣ ረግረጉ ዳር። ኩሬው አጠገብ።»

ጣቷን «የባለቤት ስም፣ ቀበሌ» የሚለው መስመር ላይ አደረገች። «ይህን ቅጽ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፣ እምዬ። እዚሁ ተወልጄ።»

«እኔም እዚያው ተቀምጬ ሰምቻለሁ» አልኳት። «የለመዱት ነገር ጆሮ አያቆምም።»

ረቡዕ ማለዳ ከሙጂብ ጋር ሦስታችን ሙሳ ጋ ሄድን። ፍየሎቹ ኩሬው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ይጠጣሉ። ሙሳ ጋቢ ተከናንቦ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ደም መስሏል።

«አራት ቀን ተኛሁ። ወባ ነው መሰለኝ» አለ።

«ግልገል የጣለች ፍየል አለችህ?» አለችው ነጅዋ።

«አምስት።»

«የሞቱትን ግልገሎች ማነው ያነሳቸው?»

«እኔ ነኛ። ማን ያንሳልኝ?»

ወረቀቱ ላይ የሆነውን ሳትደብቅ ነገረችው። ፊቱ ተለወጠ። «እና የሰውን አማና የኔ ነው ልበል ነበር?»

«አይደለም ሙሳ። አንተ የተጠየቅከውን በትክክል መለስክ። ጎደሎው ጥያቄው ነው፣ ጥያቄውን ደግሞ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁን እንደገና ልጠይቅህ። ማነው አብሮህ ከዚህ ኩሬ የሚያጠጣ?»

ኩሬውን አየ፣ ፍየሎቹን አየ። «ማል ጎና» አለ፤ ምን እናድርግ እንግዲህ ማለቱ ነው። ከዚያ ሁለት ጎረቤቶቹን ነገራት። ካርታው ላይ የቀሩት ሁለቱ ፍየሎች የእነሱ ሆነው ተገኙ። ነጅዋ እንደገና ጓንቷን አጠለቀችና በኩሬው ዙሪያ ካሉት ፍየሎች ደም ቀዳች። ሙሳን ያንኑ ቀን ጤና ጣቢያ ላከችው፤ ሙጂብ ደግሞ ወደ ደጋውና ወደ ባቲ ሄዶ፣ እዚያው ከሚያድሩ ፍየሎች ደም ቀዳ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደወለች። በኩሬው ዙሪያ ካሉት ፍየሎች ግማሽ ያህሉ ዱካው አለባቸው። ደጋውና ባቲ ንጹሕ ናቸው። ሙሳም ያመመው ወባ አልነበረም፤ ግን እየዳነ ነበር።

የቅዳሜውን ስብሰባ ሙጂብ ነው የነገረኝ። ነጅዋ ከሁሉ በፊት ተነስታ «ሰኞ የላክሁት ሪፖርት ልክ አይደለም፣ ስህተቱም የእኔ ነው» አለች። አንዱ ኃላፊ «ታዲያ ሰኞ ለምን ላክሽው?» ሲላት «ሰኞ የማውቀው እሱን ነበር» አለችው። ገበያው አልተዘጋም። ከኩሬው የሚጠጡት ከብቶች ግን እስከ ክረምት ድረስ ከቦታቸው እንዳይንቀሳቀሱ፣ እንዳይታረዱም ተወሰነ። ሙሳ ያን ዓረፋ ሰንበቴ አልወረደም። ዑሙልኸይርም የምትጠብቀው ወጠጤ ቀረባት።

«ለዚህ ነው ልጅ ሆና ወተት ያጠጣኋት?» አለችኝ በአጥሩ ላይ።

«ወተቱን መልሺ ልበላት?»

«ተያት፣ ትጠጣው» አለችና ሳቀች። በማግስቱ ለሙሳ የአጃ በሶ ልካለታለች።

ነጅዋን አንድ ነገር ጠየቅኳት። ዝናቡ ሳይመጣ፣ ኩሬው ደርቆ ሳለ፣ ያ ቫይረስ የት ነበር? ምናልባት በደረቀው ጭቃ ውስጥ፣ በትንኝ እንቁላል ውስጥ ተኝቶ ይሆናል አለችኝ። «ምናልባት ነው፣ እምዬ። ገና እየጠየቅን ነው።» አሁን በደረቅ ጭቃ ላይ ስሄድ ቀስ ብዬ ነው የምረግጠው።

ቅጹ ተቀይሯል። የመጀመሪያው መስመር «ውሃ የምትጠጣው ከየት ነው?» ይላል። ነገር ግን ሁሉም ጠያቂ አዲሱን ቅጽ አይዝም። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ፍየልም ላምም ግመልም እየነዳችሁ ሳለ የማን ናት ብሎ የሚጠይቃችሁ ቢመጣ፣ የባለቤቷን ስም አትደብቁ፤ አማና አማና ነው። ያደረችበትን በረትና የጠጣችበትን ውሃ ግን፣ ባትጠየቁም፣ ጨምራችሁ ንገሩልኝ።