ዶሮ ያጠብንበት ውሃ

የጤና ጣቢያው የላብራቶሪ ልጅ ሰባት ወረቀት ይዞ በመስኮቱ አንገቱን አወጣና፣ «ከዶሮ ማረጃው የመጣችሁት እናንተ ናችሁ?» አለን።

«ነን» አልን።

«ሰባታችሁም ጃርድያ አለባችሁ። ሰባታችሁም! አንድ የተረፈ የለም። የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው? አንድ ቦታ ነው መሆን ያለበት። ሰባት ሰው አንድ ላይ እንዲህ የሚይዘው ውሃው ሲበላሽ ነው።»

ከኋላዬ የቆመችው የሥራ ጓደኛዬ ሳቋ እንዳያመልጣት የሻርፗን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ሌሎቹም ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። የሚያስቅ ነገር ነበረው፤ ለምርመራ ባስረከብነው በሰባቱም ዕቃ ውስጥ ያለው ሰገራ የእኔ የአንዷ ነው።

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። «ውሃ» ሲል ልጄ ትዝ አለችኝ። የሁለት ዓመት ከመንፈቅ ልጄን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያስቀምጣት ቆይቷል። የምትጠጣውን ውሃ ደግሞ በየቀኑ ከሥራ ቦታ በቢጫ ጄሪካን ተሸክሜ የማመጣላት እኔ ነኝ።

ሰባት ሰው እንዴት በእኔ ሰገራ እንደተመረመረ ልናገር። ሳወራው ያቅለሸልሸኛል፣ ግን እሱን ሳልናገር ቀሪው አይገባም።

የምሠራው ዓለም ባንክ ከሚባለው ሠፈር አለፍ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ውስጥ ነበር። ዶሮ ይታረድበታል። የእኔ ድርሻ አንጀት አውጥቶ ማጠብ ነው። አራተኛ ክፍል ላይ ላቆመች ሴት ከዚህ የተሻለ አልጠበቅኩም። ግን እውነቱን ለመናገር አንድም ቀን አልለመድኩትም። በፈላ ውሃ የተነከረ ላባ የራሱ ሽታ አለው፤ የረጠበ ውሻ ላይ ሐሞት የደፉበት ይመስላል። ፀጉር ውስጥ ገብቶ ያድራል። ከሥራ ስመለስ ወደ 18 ማዞሪያ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ምንም ሳይለኝ መስኮቱን ይከፍታል።

እኛ ሠፈር ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፣ እሱም ከመጣ። ማረጃው ግን ጣሪያ ላይ ትልቅ ታንከር ስላለው ቧንቧው አይቋረጥም። ስወጣ አንድ ጄሪካን ሞልቼ መሄድ ተፈቅዶልኝ ነበር። ጎረቤቶቼ ይቀኑብኝ ነበር።

አንድ ቀን ባለቤቱ ዶሮውን ባሕር ማዶ ሊልክ ነው ተባለ። ገዢው አገር የሚጠይቀው ዝርዝር በስልክ መጣና ተቆጣጣሪያችን ሰብስባ አነበበችልን። ኮሌጅ የጨረሰች፣ ለእኔ ታናሽ እህት የምትሆን ልጅ ናት፤ ስታዘኝ እንኳ «እትዬ» እያለች በአክብሮት ነው።

«አራጁ ሙስሊም ይሁን ይላል።»

እሱስ አለን። አባባ የምንላቸው ሽማግሌ ቢስሚላህ ሳይሉ ቢላዋ አያነሱም።

«ዶሮዋ ከነቆዳዋ ትላካለች።»

«ከነቆዳዋ?» አለች ጓደኛዬ። «ከነቆዳዋ ነው የሚበሏት?»

«ከነላባዋ አላሉም፣ አመስግኚ» አሏት አባባ።

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ቀፈፈኝ። ቆዳዋ ሳይገፈፍ፣ ሎሚና ጨው ሳይነካት ዶሮ እኛ ቤት ድስት አትገባም። ዝርዝሩ ሎሚም ጨውም እንዳይነካት ይላል። እንግዲያው በውሃው አልሰስትባትም አልኩና አንዷን ዶሮ ስድስት ሰባት ጊዜ አጥባት ጀመር። «እትዬ፣ ሊያሟሟት ነው እንዴ?» ትለኛለች ተቆጣጣሪዋ።

ዝርዝሩ ገና አላለቀም። ውሃው ይመርመር። ሠራተኛው ሁሉ ይመርመር። ቤቱ ተቅማጥ የያዘው ሰው ያለበት ሠራተኛ እስኪጣራ ድረስ ዶሮ አይንካ። ይቺን የመጨረሻዋን ስሰማ መሬት መሬት አየሁ። ልጄን ካስቀመጣት አራተኛ ቀኗ ነበር። አልተናገርኩም። ከቀረሁ ቦታዬን ሌላ ሰው ይይዘዋል ብዬ ፈራሁ። ጤና ጣቢያ ብወስዳትም ወሬው ሥራ ቦታ የሚደርስ መሰለኝ። የመንጋጋ ጥርሷ ሊወጣ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ፣ ጎረቤቴም እንደዚያው አለችኝ።

የውሃው ምርመራ ቀን ተቆጣጣሪዋ የተሰጣትን ጠርሙስ ከሱቅ ባመጣችው የታሸገ ውሃ ሞላችው። ዐይኔ እያየ ነው።

«ከታንከሩ አትቀጂም እንዴ?» አልኳት።

«እትዬ ደግሞ! ለምን ዕድላችንን እንሞክራለን?»

ብልጠት መሰለኝና ሳቅሁላት። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ አፌ ላይ ይመረኛል።

የእኛ ተራ ሲደርስ ጤና ጣቢያው ለእያንዳንዳችን ስማችን የተጻፈበት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጠን። ተቆጣጣሪዋ ጥግ ወስዳ ሰበሰበችን። «ከመሃላችን አንድ ሰው ላይ የሆነ ነገር ቢገኝ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ከአንድ ንጹሕ ሰው እንውሰድ» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ከእርስዎ የበለጠ ንጹሕ ማን አለ፣ እትዬ? ዶሮዋን እንኳ እስክትነጣ የሚያጥቡ!» አለችኝ ተቆጣጣሪዋ።

ማፈር ሲገባኝ ኮራሁ።

የጤና ጣቢያው ሽንት ቤት መቀርቀሪያ የለውም። ጓደኛዬ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ቆመችና ዕቃዎቹን በበሩ ሥር አቀበለችኝ። ጉድጓዱ ሞልቶ ዳር ዳሩ ላይ ደርቋል። ዝንቡ ከዚያ ተነስቶ ከንፈሬ ላይ ያርፋል። ቁጢጥ እንዳልኩ በአይስክሬም እንጨት ለሰባት አከፋፈልኩ።

«ለእኔ አንድ ጭልፋ ጨምሪልኝ» ትላለች ከውጭ።

አባባ ዕቃቸውን በሁለት ጣታቸው ጫፍ ተቀበሉኝ። «በዚህ ዕድሜዬ የሰው ዓይነ ምድር በስሜ ላስረክብ? አላህ ይቅር ይበለን» አሉ። ካሉም በኋላ ወስደው አስረከቡ።

ንጹሕ የተባልኩት እኔን ከወር በላይ ግሳቴ እንደ ገማ እንቁላል ይሸተኝ ነበር። ሆዴ ይነፋል፣ ይጮኻል። ጨጓራ ነው ብዬ ተውኩት። እኛ ዘንድ ያልገባን የሆድ ነገር ሁሉ ጨጓራ ነው።

እና የላብራቶሪው ልጅ ያንን ተናግሮ መስኮቱን ሲዘጋ፣ ወደ ግቢው ወጣን። አግዳሚው ላይ ስቀመጥ አጠገቤ የነበሩት ፈቀቅ አሉ። ተቆጣጣሪዋ የእኔ ጃርድያ በስሟ የተጻፈበትን ወረቀት በጫፏ ይዛ፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ ንጹሕ ይመስሉኝ ነበር» አለችኝ። የተፋችብኝ ያህል ተሰማኝ።

«ውሃው ቢሆንስ?» አልኳት።

«የውሃው ውጤት ንጹሕ ነው፣ ወረቀቱ አለ።»

«ያ እኮ የታሸገው ነው!»

«ቀስ ይበሉ እንጂ! ነገ ከሌላ ሰው ወስደን በሌላ ጤና ጣቢያ እንመረመራለን፣ አለቀ።»

ወደ ማረጃው እንደተመለስን ማንንም ሳልጠይቅ የብረት መሰላሉን ይዤ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ከፍታ እፈራለሁ፣ ያን ቀን ግን አልታወሰኝም። የታንከሩ ክዳን ተሰንጥቆ ግማሹ የለም፣ በድንጋይ የተያዘ ማዳበሪያ ሸፍኖታል። ማዳበሪያውን ገለጥኩት።

መጀመሪያ የመታኝ ሽታው ነው። ውሃው ላይ እንደ ቀዘቀዘ መረቅ ቅባት ሰፍሯል። ሁለት ርግቦች ተንሳፍፈዋል፤ አንዷ አብጣለች፣ ሌላዋ ተበጣጥሳ ላባዋና እግሯ ብቻ ቀርቷል። ግድግዳው በአረንጓዴ ዝልግልግ ተለብጧል፣ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። ከታች ዶሮ ይታጠባል፤ የቧንቧውን ድምፅ እሰማዋለሁ። ዶሮውን ሰባት ጊዜ ያጠብኩት በዚህ ነው። ባጠብኩ ቁጥር ሳቆሽሽ ነው የኖርኩት። ልጄ በጡጦ የምትጠባው ይህንን ነው።

እዚያው ጣሪያው ላይ አስመለሰኝ።

ሽርጤን ሳልፈታ ሮጥኩ። ቤት ስደርስ ልጄ የምትውልባት ጎረቤቴ፣ «ዛሬ እንኳ ተኝታ ዋለች፣ አላስቸገረችም» አለችኝ። አልተኛችም። ዐይኗ ገብቷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ስጠራት ዞር አላለችም። አለቀሰች፣ እንባ ግን የላትም። ዳይፐሯ ውስጥ ያለው አረፋ የሞላው፣ ቅባት የሚመስል፣ ሽታው ከእኔ ግሳት ጋር አንድ ነበር። ጡጦዋን ወረወርኩት። ጄሪካኑን በእግሬ ደፋሁት። ልጄን አዝዬ ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ ለመድረስ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሰዎች መስኮት ከፈቱ። ይክፈቱ።

ወረፋ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ፣ ተቆጣጣሪዋ ናት።

«እትዬ፣ ጎረቤትዎ ጋ ደወልኩ፤ ልጅዎን ጤና ጣቢያ ወሰዷት አለችኝ። አደራ፣ ስለ ዕቃዎቹ እንዳያነሱ። ሁላችንም እንጀራችንን ነው የምናጣው።»

«ልጄ ልትሞትብኝ ነው» አልኳትና ዘጋሁት።

የላብራቶሪው ልጅ አወቀኝ። «ጠዋት እርስዎ ነበሩ አይደል? እንዴ፣ ቤትም ገባ?»

«ወንድሜ፣ እስርም ቢሆን እታሰራለሁ፣ ልጄን ብቻ አድንልኝ» አልኩና ሁሉንም ነገርኩት። ዕቃዎቹን፣ የታሸገውን ውሃ፣ ርግቦቹን።

«ሰባቱም የእርስዎ ነው?» አለኝ።

«የእኔ ነው።»

«ማለት... እኔ ጠዋት ሙሉ ያንኑ ሰባት ጊዜ ሳይ ነበር?» ጓንቱን ተመለከተው፣ ከዚያ እኔን። ፊቱን አጨማደደ፣ ሊስቅም ሊያስመልሰውም የደረሰ ይመስል ነበር። «እኔ ውሃ ነው ያልኩት ሰባት ሰው ስለያዘው ነበር። ለካ አንድ ሰው ነው! ውሃውን ባላነሳው ኖሮ ከታንከሩ አትደርሱም ነበር ማለት ነው?»

«አንደርስም» አልኩት።

የልጄን መርምሮ ያንኑ ጃርድያ አገኘባት። «ሰውነቷ ውሃ ጨርሷል» አለች ተረኛዋ ነርስ፤ የሚበጠበጥ ዱቄት በንጹሕ ውሃ በጥብጣ፣ በየደቂቃው አንድ አንድ ማንኪያ አጠጫት አለችኝ። ያንን ውሃ እንኳ ሳላሸት አልሰጠኋትም። የመጀመሪያውን ተፋችው። ሁለተኛውንም። እየቆጠርኩ አጠጣኋት፣ ቁጥሩ ሲጠፋብኝ ከአንድ ጀመርኩ። ጤና ጣቢያው ሊዘጋ ሲል ጭኔ ሞቀኝ፤ ሸናችብኝ። ነርሷ አየችና፣ «ከሸናች ውሃው ሰውነቷ ገብቷል። በቃ እናት፣ አሁን ተንፍሺ» አለችኝ። ያን ቀን ከነካኝ ቆሻሻ ሁሉ ያልቀፈፈኝ እሱ ብቻ ነው። መራራ ሽሮፕ ጻፉልን፣ ለእኔም ክኒን።

የላብራቶሪው ልጅ አመልክቶ ኖሮ፣ በማግስቱ ከጤና ጽሕፈት ቤት ሰዎች ሄደው ታንከሩን አዩት። ማረጃው እስኪጸዳ ታሸገ፣ ዶሮውም ባሕር ማዶ ሳይሄድ ቀረ። ጓደኛዬ ደውላ፣ «ደስ አለሽ? እንጀራዬን ደፋሽው!» ብላ ጮኸችብኝ። በሳምንቱ መልሳ ደወለች። የገዛ ራሷን አስመርምራ ነበር።

«አለብኝ» አለችኝ።

«በማን ሰገራ?»

«ወሬኛ! በራሴ ነው» አለችና ሳቀች፤ ስትጨርስ ግን ማልቀስ ጀመረች፤ እሷም ከዚያው ቧንቧ ለልጆቿ ትወስድ ነበር።

መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ልጄን ይዤ ተመለስኩ። የራሷን፣ በራሷ ዕቃ፣ በራሷ ስም አስረከብኩ። የእኔንም እንደዚያው። የላብራቶሪው ልጅ ሲቀበለኝ፣ «እርግጠኛ ነዎት፣ የማን የማን ነው?» ብሎ ቀለደብኝ። አግዳሚው ላይ ጠበቅን። ልጄ ከእጄ ወርዳ ወለሉ ላይ የተጣለ ቆርኪ ልታነሳ ስትል ቀማኋት፣ ጮኸች፣ እንባዋ በጉንጯ ወረደ።

መስኮቱ ተከፈተ።

«እናት፣ ምንም የለም። የእርሷም የእርስዎም።»

አሁን ውሃ ሳላፈላ አንጠጣም፣ ዶሮም ቤቴ አይገባም፤ ገና ሳስበው ይገማኛል። ልጄ ግን ድናለች። እኔም ድኛለሁ።